በጭድ ጆንያ ልክ የተሰፋው ኮት

አንድ ጆንያ ጭድ ለክቼ ለሰው ልክክ ያለ ኮት ሰፍቻለሁ። አዎ፣ ጭድ። ከብት የሚበላው፣ ጭቃ ሲረገጥ የሚቀላቀለው ጭድ። ሰውየው አጠገቤ አልነበሩም፤ ሜትሬም ገላቸውን አልነካም። ኮቱን ለብሰው ያያቸው ግን አብሯቸው የተወለደ ነው የሚመስለው። ሳቁ እንግዲህ፣ ሳቃችሁን ጨርሱና እንቀጥል። ይህን ነገር ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንስቼ ያልተሳቀብኝ ቦታ የለም። ሚስቴ እንኳ፣ ዋናዋ ግብረ አበሬ ሆና ሳለች፣ ሰው ፊት ስናገረው «ኧረ ተው፣ አታጋን» ትለኛለች። ይህን ሁሉ ዘመን አብራኝ ኖራ ሳጋንን አይታኝ አታውቅም ማለት ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ገበያው ጠርዝ ላይ ባለች በረንዳ የስፌት መኪናዬን ተክዬ የዚህን ከተማ ሱሪ ሳሳጥርና ሳስረዝም ኖሬያለሁ። ከደጀን የሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር እንኳ መቀመጫው ሲተረተርበት «እሱ ጋ ሂድ» ነው የሚባለው። ሞያውን ማን አስተማረህ ላሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ ማንም። ሌላው ሰው መስፋትን የተማረው በመስፋት ነው፤ እኔ የተማርኩት በመተርተር ነው። ከሰልባጅ ተራ የነተበ ኮት አመጣና ስፌቱን በምላጭ እየፈታሁ እንደ ፋሲካ በግ ብልት በብልት እለየዋለሁ። ደረቱ ውስጥ ምን ገባ? ትከሻው ሥር ምን ተወሸቀ? ኮሌታው ለምን ተኛ? ይኼን ሁሉ አይቼ መልሼ እገጥመዋለሁ። ስገጥመው ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቁራጭ ይተርፈኛል። ጎረቤቴ፣ እዚያው በረንዳ ላይ የሴት ቀሚስ የሚሰፋው ጓደኛዬ፣ ይህችን አይቶ ዝም አይልም።

«እግዜር እንኳ ከአዳም ያነሳው አንዲት የጎን አጥንት ነው» ይላል። «አንተ ከአንድ ኮት ስንት ልታነሳ ነው?»

የሆነው ሆኖ፣ ነገሩ የተጀመረው የትልቋ ልጄ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ሲቆረጥ ነው። ሰው ሠርግ ሲደርስበት ስለ ድንኳን ያስባል፣ ስለ ጠላ ያስባል። ሚስቴ ያሰበችው ስለ አባቷ ነው። አባቷ ወደ ዲማ በኩል የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ኩሩ ናቸው። ልቅሶም ይሁን ሠርግ፣ ገበያም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ነው። ከጋቢው ሥር ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። እኔ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ክርናቸውን አይቼ አላውቅም።

እኚህ ሰው አንድ ቀን ሣጥናቸውን ከፍተው፣ በወጣትነታቸው ገዝተው ያስቀመጡትን ጥቁር የሱፍ ጨርቅ አወጡና ለሚስቴ ሰጧት።

«ይኼን ነገ አሰፋዋለሁ፣ ነገ አሰፋዋለሁ እያልኩ እድሜዬ አለቀ። ይህችን ልጅ ግን ኮት ለብሼ ቆሜ ልመርቃት። ባልሽ ይችላል?»

ሚስቴም «ይችላል» ብላቸው መጣች። በትዳራችን ይህን ቃል ስለ እኔ ስትናገር ያኔ የመጀመሪያዋ ነው። ደንግጬ ልኩን ልጠይቃት ረሳሁ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጨርቁ አንድ ነው፤ ከየትም አይገዛም፤ እንዲያ ያለ ሱፍ ዛሬ የሚሠራ መኖሩንም እንጃ። አንዴ መቀስ ከገባበት የሽማግሌው የእድሜ ልክ ሐሳብ ወይ ኮት ይሆናል ወይ የወንበር ልብስ ይሆናል። ሚስቴ የምትፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባቷ በኮታቸው ቆመው ልጇን ሲመርቁ ማየት። ሌላው ሠርግ ለሷ ትርፍ ነው።

እስከዚያ ጊዜ ኮት ከሠራሁ የሠራሁት በቅጂ ነበር። የተፈታ ሰልባጅ ቁራጭ ጨርቁ ላይ አስተኛና ዙሪያውን በሳሙና ስባሪ አሰምራለሁ፣ እቆርጣለሁ። ለኚህ ሰው ግን ይህ አያዋጣም። ሰልባጅ ኮት የተቆረጠው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን ጠረጴዛ ላይ ለሚያሳርፍ ሰው ነው። የኛ ገበሬ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ማሳ ይወርዳል፤ ሲመለስ ደግሞ ዘንጉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን እላዩ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ጀርባው ሌላ ጀርባ ነው። ስለዚህ ቅጂ ቀረ፤ ንድፉን ከዜሮ እኔው ራሴ ላወጣው ሆነ። ተምረው የመጡት ፓተርን ይሉታል። እኔ ተምሬ ስላልመጣሁ ወረቀት እለዋለሁ።

ወረቀቱን ከየት አመጣሁት ብትሉ፣ ቤት ከሚሠራበት ግቢ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ለምኜ ነው። ያ ቡናማ ወረቀት ጠንካራ ነው፣ ቢታጠፍም አይቀደድም፣ እርሳስ ይቀበላል። አንድ ጠባይ ብቻ አለው፦ ሲያራግፉት ቤቱን በሙሉ አቧራ ያለብሰዋል። ሳራግፈው ሚስቴ ከጓዳ ብቅ አለችና አየችኝ። ቅንድቤ ነጭ፣ ጺሜ ነጭ።

«እሰይ» አለች፣ «አሁን ገና የአባቴን እኩያ መሰልክ።»

መሬት ላይ ተንበርክኬ ጀርባውን አወጣሁ። ከዚያ ቆም ብዬ ሳየው የሰው ጀርባ ሳይሆን የኤሊ ነው። ደመሰስኩ። ሁለተኛው ቀጥ ያለ ሆነ፣ እንደ በር። ብዙ ከረጢት ፈጀሁ። በመጨረሻ ግን ሽማግሌውን በጋቢያቸው ላይ በዓይኔ ገምቼ አንድ ነገር ወጣልኝ፤ መጥፎ አልነበረም። እንግዲህ ሱፉን ከመቁረጤ በፊት በርካሽ ጨርቅ ልሞክረው ብዬ አሰብኩ። ይህ ትልቅ ብልሃት ነው፤ ማንም አልነገረኝም፣ ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት። ሱቅ ሄድኩና ካለው ሁሉ ርካሹን ቁረጥልኝ አልኩ። ባለሱቁ ነጭ አቡጀዲ አወረደ። ሲቆርጥልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ» አለኝ። እኔ የሠርጉን ድካም ያለኝ መስሎኝ «ያልፋል» አልኩት።

ሽማግሌው በሁዳዴው አጋማሽ ለገበያ መጡ። አባብለን፣ ለምነን፣ ከበረንዳው ኋላ ካለችው ክፍል አስገብተን ጋቢያቸውን አስወለቅናቸው። ሚስቴ ጋቢውን ይዛ ቆመች። እኔ በትልልቁ የወሰወስኩትን የአቡጀዲ ኮት ከኋላ አለበስኳቸውና፣ ስፒል በአፌ ይዤ ፊት ለፊታቸው ተንበረከክሁ። ዝቅ ብለው ደረታቸውን አዩ። እጅጌውን አዩ። እኔን አዩኝ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«አቡጀዲ ነው፣ አባባ።»

«ለምን የሚሆን?»

ስፒሉን ከአፌ አወጣሁ። «ለሙከራ ነው።»

«አቡጀዲ ሲሞከር አይቼ አላውቅም» አሉ። «የለበሰው ሁሉ አልተመለሰም።»

ያኔ ነው የገባኝ። በኛ አገር ሽማግሌ ነጭ አቡጀዲ ሲያይ የሚያየው አንድ ነገር ነው፣ መግነዝ። ለዚያውም እኔ ስፌቱን በረዣዥሙ እንደ ገናዥ ነው የወሰወስኩት። ለዚያውም በሕይወት ያለ ሰው እግር ሥር ተንበርክኬ። ለዚያውም ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ እንባ ባይኖራትም ጋቢያቸውን እንደ ቅርስ ታቅፋለች።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይኼ እኮ ለልክ…»

«ነፍሴ ሳትወጣ ልትገንዘኝ? መግነዜን ገዝቼ ሣጥኔ ውስጥ ካስቀመጥኩ ቆይቻለሁ ልጄ። የአማች ችኮላ አያስፈልገኝም።»

አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣሉት፤ ጋቢያቸውን ተከናነቡ፤ ዘንጋቸውን አነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ለሚስቴ «ሠርጉን በሰላም አድርጉት» አሏት። አድርጉት። እናድርገው አላሉም። ሚስቴ ያችን ቃል ሰምታ ግድግዳውን ተደገፈች።

ከዚያ በኋላ እቤታችን ሁለት ጾም ሆነ፤ አንዱ የሁዳዴ፣ አንዱ የሚስቴ። ሽሮውን ታቀርባለች፣ ቃል ግን የለም። እኔ ዝምታ አልችልም፤ ዝም ስባል የባሰ አወራለሁ። «እኔ በምን ልወቀው?» አልኩ።

«አቡጀዲ መሆኑን አላወቅህም?»

«እሱንማ አውቄያለሁ።»

«በቃ። አባቴን ገንዘህ ላክኸው።»

ሽማግሌ ይዤ ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ አልኳት። «አንተ ከሄድክ ሣጥን ይዘህ የመጣህ ይመስላቸዋል» አለችኝና ራሷ ልትሄድ ተነሳች። ልትሄድ ስትል ነው ታላቁ ሐሳብ የመጣው። ሐሳቡ የኔ ነው። እሷ «የኔ ነው» ትላለች፤ አትስሟት። «ስትሰናበቺያቸው እቀፊያቸው» አልኳት። «አጥብቀሽ እቀፊና እጅሽ የት እንደደረሰ ልብ አድርጊ። አንቺ ልክ ታመጫለሽ፤ እኔ ኮቱን እሠራለሁ።»

እሷ የምትለው፣ ከበሩ ላይ ዞር ብላ «እንደውም አቅፌ እለካቸዋለሁ» ብላኝ፣ እኔ «ምን ዋጋ አለው» እንዳልኩ ነው። ታሪክ የሚጽፈው ግን እኔ ነኝ።

በማግስቱ ተመለሰች። ሚኒባሱ ውስጥ እጆቿን ፊት ለፊቷ ክብ አድርጋ ነው የመጣችው፣ ልኩ እንዳይጠፋባት። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት «እህቴ፣ የማይታይ እንስራ ነው የያዝሽው?» አለቻት አሉ። በረንዳዬ ላይ ደረሰች። የመጀመሪያውን ነገር መጀመሪያ ነገረችኝ፦ አባቷ አልበረዱም። «ልጅቷን እመርቃታለሁ፤ ከሠርጉ በኋላ እዚህ ትምጣ። የተገነዝኩበት ቤት አልገባም» ነው ያሉት። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ፣ ገበያተኛው እያየ፣ እኔን አቀፈችኝ።

ማርቆስ ገበያ ውስጥ ባልና ሚስት ተቃቅፎ አይታወቅም። ጎረቤቴ መቀሱን አስቀመጠ።

«ምን ጉድ ነው? እናንተ ናችሁ እንዴ የምትጋቡት?»

«ዝም በል፣ እየለካች ነው።»

«አይሆንም» አለች ሚስቴ ከጀርባዬ በኩል። «አባቴን ሳቅፋቸው የቀኝ እጄ የግራዬን አንጓ ይይዛል። አንተን ሳቅፍ ጣቴ ከጣቴ አይገናኝም። አንተ ጾሙን እየጾምክ ነው ግን?»

የጭዱ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጆንያ ጭድ አመጣሁና ክፍሉ ውስጥ በርጩማ ላይ አቆምኩት። ሚስቴ ዓይኗን ጨፍና አቀፈችው። «በዛ።» አንድ እፍኝ አወጣሁ። «አሁንም በዛ።» አወጣሁ። «እዚህ ጎኑ ላይ አጥንት አለ፤ ይኼ ሆዳም ነው።» ጠቅጥቄ አስተካከልኩ። «ጨምር… ቀንስ… አፈር ስሆን፣ ቀስ በል!» እጇ አንጓዋን እስኪይዝ ድረስ ጭድ ስናስገባና ስናወጣ ዋልን። በመጨረሻ ያዘ። በቃ ልል ስል ጆንያውን እንዳቀፈች ቀረች። ዓይኗን አልገለጠችም።

«ምነው?» አልኳት።

«እንዲህ ከስተዋል ለካ» አለች። «በጋቢው ላይ አይታወቅም።»

እፍኜ ውስጥ የቀረውን ጭድ እዚያው እንደያዝኩ ቆምኩ። በኋላ «ጾም ነው እኮ፤ ለፋሲካ ይመለሳሉ» አልኩ። እሷም «አዎ» አለች፤ ሁለታችንም የተናገርነው ጆንያውን እያየን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀልድ አይደለም። እሷ የምታስታውሰውን ሁሉ ጠየቅኋት። ጉንጯ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ቀኙ ከግራው ዝቅ ይላል። ገባኝ፤ ሞፈርና ቀንበር የሚሸከሙት በቀኛቸው ነው። ይኼ ማለት ደግሞ ምን መሰላችሁ? ሰፊ ሁሉ ጨርቁን ለሁለት አጥፎ ቀኝና ግራውን አንድ ላይ ነው የሚቆርጠው። እኔ ግን ወረቀቱን ለየብቻ አወጣሁ፣ የቀኝ ለብቻ፣ የግራ ለብቻ። ጎረቤቴ የሲሚንቶ ወረቀቶቹን አንስቶ አስተያያቸው።

«እነዚህ አይመሳሰሉም» አለ። «ለሁለት ሰው ነው የምትሰፋው?»

«ለአንድ ገበሬ ነው።»

«እኔ እንኳ አንዱ ለጆንያው መስሎኝ።»

ቀጥሎ ብብቱ፣ እጅጌው የሚገጠምበት ቀዳዳ፣ አስቸገረኝ። ሽማግሌው ሲመርቁ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ሰልባጅ ኮት ለብሳችሁ እጃችሁን አንሱ እስቲ፦ ኮቱ በሙሉ ተከትሎ ይወጣል፣ ኮሌታው ጆሮ ላይ ይደርሳል፣ ሆድ ይጋለጣል። ሰው የሚመስለው ብብቱን ዝቅ አድርጎ ሰፋ ቢያደርገው እጁ የሚፈታ ነው። እኔም መስሎኝ ነበር። ዝቅ ባደረግሁት ቁጥር ባሰበት። ከዚያ በእልህ ወደ ላይ አወጣሁት፣ ብብት ሥር አስጠግቼ፣ እጅጌውን ደግሞ ሰፋ አድርጌ። ሠራ! ይህን ነገር የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለ አላውቅም፤ ካለም ከኔ ነው የሰማው።

ጆንያ እጅ የለውማ፣ በምን ሞከርከው ትሉኛላችሁ። የኔን አሮጌ ሱሪ ሁለቱን እግሮች ቆርጬ ጭድ ጠቅጥቄ ክንድ አድርጌ ገጠምኩለት። ለሙከራ ጨርቅ ደግሞ አቡጀዲ ሁለተኛ ቤቴ እንዳይገባ ተብሎ ስለነበር፣ ሚስቴ አበባ ያለበት የአንሶላ ቁራጭ ሰጠችኝ። እንግዲህ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት፦ በርጩማ ላይ የተቀመጠ፣ ራስ የሌለው፣ አበባ በአበባ ኮት የለበሰ ጆንያ። ሙሽራዋ ልጄ ከሥራዋ ስትመለስ በየቀኑ ክንዱን በሁለት እጇ ወደ ላይ ታነሳና «አባባ፣ ይመርቁኝ» ትለዋለች። ኮሌታው ተነቃነቀ አልተነቃነቀ እኔ ከኋላ አያለሁ። ጎረቤቴም ጠዋት ሲገባ ባርኔጣውን አንስቶ «እንዴት አደሩ አባባ? ዛሬማ አምሮብዎታል» ይላል። አንድ ቀን እኔን ሰላም ሳይለኝ ጆንያውን ብቻ ሰላም ብሎ አለፈ።

ሱፉን የቆረጥኩ ቀን ሚስቴ ክፍሉ ውስጥ አልቆይም ብላ ወጣች፤ በር ላይ ሆና ግን ታማትባለች። እኔም አማተብኩና መቀሱን አስገባሁ። ላቤ ሱፉ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በፎጣ አስሬ ነበር። እንደ ሙሽራ ነው የተጨነቅሁት። ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ደብቄ ተውኩ፤ በሁዳዴ የተለካ ሰው ለፋሲካ ሌላ ሰው ነውና። ሐቁን ልንገራችሁ፣ ትርፉን የተውኩት እንዲያስፈልግ ተመኝቼም ነው።

ኮቱ አለቀ። አሁን ማን ይወስደዋል? የተቆጣ ሰው ስጦታ አይቀበልም። አክፋይን፣ የፋሲካን ዋዜማ ስጦታ፣ ግን ይቀበላል። አማች በቅዳሜ ስዑር ለሚስቱ አባት ዳቦውንም በጉንም ይዞ ሲሄድ፣ ተቆጥቻለሁ ብሎ በር የሚዘጋ ሰው በኛ አገር አልተወለደም። ኮቱን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልዬ ዳቦው ላይ አደረግሁና ሄድኩ።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ሳምኩ። በጉን አዩ፣ ዳቦውን አዩ፣ ጥቅሉን አዩ።

«ይኼስ?»

«አክፋይ ነው፣ አባባ።»

ነጠላውን ገለጥ አደረጉ። ኮቱን አላነሱም፤ ጠርዙን ብቻ ከፍተው ውስጡን ተመለከቱ።

«ገበሩ ምንድን ነው?»

«ሰማያዊ ነው፣ አባባ።»

«ነጭ የለበትም?»

«አንዲት ክር የለበትም።»

«እንግዲህ አክፋይ አይመለስም» አሉና ወስደው ከውስጥ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። አልለኩትም። እመጣለሁም አላሉ፣ አልመጣምም አላሉ። ሚስቴ ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ «ለበሱት?» አለች። «ሰቀሉት» አልኳት።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ድንኳኑ ሞላ፣ ሙሽራው ሊመጣ ነው፣ ሚስቴ ከግቢው በር አትነቃነቅም። እንግዳ ሲገባ ትስማለች፤ ዓይኗ ግን ከጀርባው መንገዱ ላይ ነው። አንድ ባጃጅ መጣ፤ የድግስ ወንበር ነው የጫነው። ሌላ መጣ፤ የሙሽራው ዘመዶች። ከዚያ አንዱ ቆመና መጀመሪያ ዘንግ ወጣ፣ ቀጥሎ ጋቢ። ሚስቴ ሮጣ ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እኔ ግን እግዜር ይቅር ይበለኝና የማየው ጋቢውን ነው። እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ከሥሩ ጥቁር ነገር ይታያል ወይ ብዬ ጎንበስ አልኩ፣ በጎን ዞርኩ። ምንም አይታይም።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ ጎረቤቴ። «ቁልፍ ወድቆብህ ነው?»

ሙሽራዋ ልትሸኝ ስትል አያቷ ፊት ተንበረከከች። ሽማግሌው ዘንጋቸውን ለሚስቴ ሰጡና ተነሱ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ጋቢው ከትከሻቸው ተንሸራቶ ወረደ፤ ማንም አልያዘውም።

ጥቁር ሱፍ። ቀኝና ግራ ትከሻው እኩል ተኝቷል፣ ዝቅ ያለው የት እንደሆነ ብትፈልጉ አታገኙትም። እጃቸው ወደ ሰማይ ነው፤ ኮሌታው ግን አንገታቸው ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ ንቅንቅ የለም። ምርቃቱ ረጅም ነበር አሉ። «ያማረ ምርቃት ነው፣ ሰው ያለቀሰበት» አሉ። እኔ አንድም ቃል አልሰማሁም። ሰው «አሜን» ሲል አሜን እላለሁ፤ ዓይኔ ብብታቸው ላይ ነው። «የገዛ ልጅህ ስትመረቅ ስፌት ስታይ ነበር» እያለች ሚስቴ ዛሬም ትከሰኛለች። ትክሰሰኝ። ያን ጊዜ ግን ወደሷ ዞር ስል፣ ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ አባቷን እያየች ነበር፤ የሳቀችም ያለቀሰችም ይመስላል፤ ጋቢውን ለማንሳት እንኳ አላጎነበሰችም።

ሽማግሌው ከተቀመጡ በኋላ በጣታቸው ጠሩኝ። ቀረብኩ።

«ቀኝ ትከሻዬ ዝቅ ማለቱን ማን ነገረህ?»

እኔ ሞያዬን፣ ዓይኔን፣ የዘመን ልምዴን ልዘረዝር አፌን ስከፍት ጎረቤቴ ቀደመኝ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሱ የለካው ጆንያ ነው። ጭድ ሞልቶ፣ ልጅዎ እያቀፈች።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ። እሷ መሬት መሬት አየች። ያንን መሰናበቻ፣ ያንን የጠበቀ እቅፍ አስታወሱት መሰለኝ፣ ጢማቸው ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ጆንያው ከኔ ይሻላል» አሉ። «ዝም ብሎ ተለክቷል።» ከዚያ ወደኔ ዞረው «ጎኑ ላይ ትንሽ ይይዘኛል፤ ፋሲካው ጥሩ ነበር» አሉኝ። የደበቅሁትን ትርፍ በማግስቱ ለቀቅሁላቸው። ሚስቴ ስፌቱን ስፈታ አጠገቤ ተቀምጣ «ምን ያህል ሰፋ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ጨርቁን በለቀቅሁ ቁጥር ደስ ይላታል።

ጆንያውን በምስክርነት አቀርብላችሁ ነበር፤ የጎረቤቴ ላም በላችው። ሌላው ምስክር ግን ሁሉ በሕይወት አለ። ድንኳን ሙሉ ሰው ነው ያየው። ጎረቤቴን ጠይቁት፤ ይስቅባችኋል፣ ግን አይክድም። ልጄን ጠይቋት። ሚስቴን ስትጠይቁ ሐሳቡ የማን ነው የሚለውን ብቻ ዝለሉት። አሁንም አላምን ካላችሁ፣ እሁድ ጠዋት ወደ ዲማ በኩል ሂዱና ከቅዳሴ ሲወጡ ሽማግሌውን ጠብቋቸው። ጋቢ ቢለብሱ አትደንግጡ፤ ከሥር አለ። ጉልበታቸውን ሳሙና «ይመርቁኝ» በሏቸው። እጃቸውን ሲያነሱ እናንተ አሜን እያላችሁ ኮሌታውን ተመልከቱ። ከተነቃነቀ ተመልሳችሁ ኑና ስደቡኝ፤ በረንዳው ላይ ነኝ።